ከጁፒተር በታች የተዘጋጀ የክብር ወንበር

ለተከበሩ የሕንፃዎችና ንብረት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሥርዓተ ፀሐይ ወደ ወለል መጠጋቱን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለሰላማዊ እንቅልፍዎ፣ በተለይም በቅርቡ ታድሶ አዲስ ኮርኒስ ለተሠራለት ቢሮዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ በሥርዎ ካሉት ቤተ መጻሕፍት በአንዱ ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ሳውስና ሳስመልስ የኖርሁ ሴት ነኝ። ከዚህ ቀደም አራት ጊዜ ጽፌልዎ ሦስቱን ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ፣ ለአራተኛው ደግሞ ባይመልሱልኝ ይሻለኝ የነበረ መልስ ስለላኩልኝ፣ አምስተኛውን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያነበው ዘንድ በግቢው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ከመነሻው ልጀምር። ከሦስት ወር በፊት ከጎረቤት ትምህርት ቤት የመጡ አርባ ሁለት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በንባብ ክፍላችን ስለ ሥርዓተ ፀሐይ መማር ጀመሩ። መጻሕፍት አገላብጠው የእያንዳንዷን ፕላኔት ጠባይ ጻፉ። ፊኛ ነፍተው፣ አሮጌ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ለጥፈው፣ ቀለም ቀብተው ፀሐይንና ስምንቱን ፕላኔቶች ሠሩ፤ በናይለን ክርም ኮርኒሱን ከያዙት እንጨቶች ላይ ሰቀሏቸው። ሜርኩሪ በበሩ በኩል ካለው ግድግዳ አጠገብ፣ ኔፕቱን በመስኮቱ በኩል፣ ጁፒተር ከትልቁ ጠረጴዛ ራስጌ በላይ ሆኑ። ሳተርን ግን ቀለበቷን ሁሉም እንዲያየው ከክፍሉ መካከል፣ ከጠረጴዛው አራት ጣት ብቻ ከፍ ብላ ተንጠለጠለች።

ሰማይን የሚያጠና ሰው አንድን ነገር ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ሳይሰለች ይለካል ብዬ ስላስተማርኋቸው፣ በየማክሰኞውና በየሐሙሱ የእያንዳንዷን ከፍታ እየለኩ በደብተር እንዲመዘግቡ አደረግሁ። ምንም እንደማይለወጥ እርግጠኛ ነበርሁ፤ የተሰቀለ የወረቀት ኳስ ወዴት ይሄዳል? ላስተምራቸው የፈለግሁት ትዕግሥትን ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከመለኪያዋ ስለማትለይ ጓደኞቿ «ሜትር» የሚሏት ልጅ፣ ሳተርን ግማሽ ጣት መውረዷን ነገረችኝ። ክሩ ተለጥጦ ይሆናል ብዬ በቀጭን ሽቦ ተካሁት። እንደገና ወረደች። ጁፒተርም ተከተለቻት። በግድግዳዎቹ አጠገብ ያሉት ግን ካሉበት ንቅንቅ አላሉም፤ ጠረጴዛውንም ብንለካው ቁመቱ ያው ነው። የዚያን ዕለት ሜትር ደብተሯን ዘግታ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «እትዬ፣ የምትወርደው ሳተርን ናት ወይስ ሰማዩ ነው?» አለችኝ።

መልሱን እኔም እርስዎም እናውቃለን። ከዚያ ሰማይ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ጽሕፈት ቤትዎ አምና «ለጊዜው» ብሎ ያስገባቸው ሠላሳ ስድስት የብረት የፋይል ካቢኔቶች ቆመዋል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ደብዳቤ መጻፍ ከጀመርሁ ከስድስት ሳምንት በኋላ ስለላኩልን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ከፕላኔቶቹ አልፎ ቀና ሳይል፣ በክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ «ያልተመዘገቡ ተንጠልጣይ ንብረቶች» መኖራቸውን ጽፎ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ቁጥር ለጥፎ ሄደ። ፀሐይ ከዚያን ቀን ጀምሮ የመሥሪያ ቤትዎ ንብረት ናት፤ እንኳን ደስ አለዎ።

ሁለተኛ፦ ኮርኒሱን ያጎበጡት ፕላኔቶቹ ራሳቸው መሆናቸውን በማኅተም አረጋግጠው ስላሳወቁን ባለ ውለታዎ ነን። ልጆቹ ነገር ሳይለኩ ማመን ስለማይችሉ ዘጠኙንም አንድ ላይ በባለ ሱቁ ሚዛን ላይ አስመዘኗቸው፤ ሁለት ኪሎ አልሞሉም። በዚያው ደብዳቤዎ «ሳተርን ወደ ቀድሞ ከፍታዋ ትመለስ ዘንድ ሽቦው እንዲያጥር» አዝዘውናል። ልጇ ሲያተኩሰው ቴርሞሜትሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የምትነክር እናት አይቼ አላውቅም ነበርና፣ ከእርስዎ ብዙ ተምሬያለሁ። ሽቦውን ግን አላሳጠርሁትም።

ሦስተኛ፦ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባላል፤ እኛንም ነገሩ እያሳሳቀን እዚህ ደርሰናል። የንባብ ክፍሉ በር ካለፈው ወር ጀምሮ አልዘጋ ብሏል። ማታ ጠርገነው የሄድነው ጠረጴዛ ጠዋት ነጭ አቧራ ለብሶ ይጠብቀናል። በወጣትነታቸው ግንበኛ የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛችን አንድ ጠዋት ከክፍሉ መሐል ቆመው ለረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ቁርሳቸውን እዚያ አይበሉም። እኔ በዚህ ቤት ውስጥ አይጥም፣ ጎርፍም፣ የእርስዎን ሦስት ቀዳሚዎችም አይቻለሁ፤ ፈርቼ አላውቅም። አሁን ግን እፈራለሁ።

አራተኛ፦ ይህን መጻፍ ከብዶኝ ነው የቆየሁት። የሜትር አባት የእርስዎ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። እሷ ከታች ስትለካ እሱ ከላይ በካቢኔቶቹ መካከል ፋይል እያወጣና እየመለሰ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ልጅቱ የእግሩን ኮቴ ከሌላው ሰው ለይታ ታውቀዋለች፤ እሱ በተራመደ ቁጥር ኮርኒሱ ያቃስታል፣ ሳተርንም ትወዛወዛለች። ደብተሯን ወስዳ አሳየችው። እሱም ለቅርብ አለቃው አሳየ። አለቃው «የመሥሪያ ቤቱን ስም በማጥፋት» የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፉበት። ለእኔ አንድ መልስ ለመስጠት ስምንት ሳምንት የፈጀ ጽሕፈት ቤት፣ ለእሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ እጁን መዘርጋቱን ሳላደንቅ አላልፍም። ልጅ ያለው ሰው ነውና እንጀራውን መርጦ ወደ ፎቁ ተመለሰ።

አምስተኛ፦ የፊታችን ሐሙስ የሚደረገው የልጆቹ ትምህርት የመዝጊያ ዝግጅት በዚያው የንባብ ክፍል ውስጥ እንዲሆን፣ «ክፍሉ ለሥጋት የማይዳርግ መሆኑን በተግባር ለማሳየት» ልጆቹ በሙሉ ከነወላጆቻቸው እንዲቀመጡበት፣ እርስዎም በክብር እንግድነት ተገኝተው የምስክር ወረቀት እንዲሰጡ ስለ ወሰኑ ልባዊ ምስጋናዬን እገልጻለሁ። በዚያው ዕለት ጠዋት ተጨማሪ አሥራ ሁለት ካቢኔቶች ወደ ፎቁ እንደሚወጡም ተነግሮናል። ቀኑን ማን እንደ መረጠው ባውቅ ለብቻው አመሰግነው ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ያልሁት ገና ሳተርን ሦስት ጣት ከፍታ ሳላት ነው። ዛሬ ጠዋት ግማሽ ጣት ቀርቷታል። ነገ ከነገ ወዲያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልባል ትእዛዝዎን በከፊል ብቻ ፈጽሜያለሁ። ልጆቹና ወላጆቻቸው ሐሙስ በግቢው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አልዘጋ ያለውን የንባብ ክፍሉን በር በሰንሰለት አስሬ ቆልፌዋለሁ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ከእኔ የሚወስደው ካለ አንገቴን ቆርጦ ይውሰደው። የክብር ወንበርዎ ግን እንዳዘዙት ከትልቁ ጠረጴዛ ራስጌ፣ ከጁፒተር በታች ተዘጋጅቷል። ንጹሕ ጨርቅ አልብሼዋለሁ። በሩን ለእርስዎ ብቻ እከፍትልዎና ለሥጋት አይዳርግም ያሉትን ኮርኒስ ብቻዎን ያዩታል፤ እኛ በመስኮት እናጨበጭባለን።

አንድ ነገር ግን ያለ ምንም ፌዝ እለምንዎታለሁ። ወደ ፎቁ የሚያወጣው ደረጃ በውጭ በኩል ነው፤ ቁልፉም በእርስዎ እጅ ነው። ልጆቹን እኔ አውጥቻለሁ። ያንን ሰው ደግሞ እርስዎ ያውርዱልን።

ከሰማይ በታች ያለውን ሁሉ ቁጥር እየለጠፉ ስለሚያስተዳድሩበት ትጋት ባርኔጣዬን እያነሣሁ፣ ረጅም ዕድሜና ከእግርዎ ሥር የማይከዳ ወለል እየተመኘሁ፣

ሁልጊዜም በትሕትና የምታገለግልዎ
የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ

ግልባጭ፦ ለማንም የለውም። የቀደሙት አራት ደብዳቤዎቼ እያንዳንዳቸው ከሦስት ሦስት ግልባጭ ጋር ከራሳችን በላይ ባለው ሠላሳ አምስተኛው ካቢኔት ውስጥ መቀመጣቸውን የሜትር አባት ነግሮኛል። ይህኛው ክብደት እንዳይጨምር በር ላይ መዋሉን መርጫለሁ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ማክሰኞ ነውና ልጆቹ በመለኪያቸው ሰዓት መጡ። ክፍሉ ስለ ተቆለፈ በመስኮት አየን። ሳተርን ጠረጴዛውን ነክታለች፤ ቀለበቷም በአንድ በኩል ጎብጧል። ሜትር ከእንግዲህ የምትለካው ነገር ስለሌላት፣ ደብተሯን አቅፋ ከፎቁ መስኮት ሥር ቆማ የአባቷን ኮቴ ትቆጥራለች። እስካሁን ይሰማል።