ጦጣዎቹ የሚሻገሩበት የክቡርነትዎ ባነር

ለክቡር የደንና የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎና ከአዲሱ ወንበርዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጫካውን ለሁለት በከፈለው አስፋልት ዳር የቆምኩ የዘጠኝ ዓመት የደን ጠባቂዎ ነኝ። ማመልከቻዎቼ ቢሮዎ ገብተው ስለማይወጡ በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ለትንንሾቹ ጦጣዎቻችን ስለሰጡት ትኩረት አመሰግናለሁ። ቁመታቸው ከድመት አይበልጥም፤ አስፋልቱን መርገጥም ሞታቸው ነው። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ከመንገዱ በላይ ከዛፍ ዛፍ ገመድ ወጥረንላቸው ነበር። እስኪለምዱት ሰባት ወር ፈጀባቸው። ሠራተኞችዎ ግን ለዱር እንስሳት ቀን በዓል ከመንገዱ በላይ የሰቀሉትን፣ «ጦጣዎቻችንን እንታደግ» የሚለውንና የእርስዎ ፎቶግራፍ ያለበትን ባነር እንዳይጋርድ ብለው በሃያ ደቂቃ ቆርጠው አወረዱት።

ሁለተኛ፣ በበዓሉ ማግስት አንድ ወንድ ጦጣ በእግሩ ሊሻገር ሲሞክር መኪና ገጨው። ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ገላው ገና ይሞቅ ነበር። አልቅሻለሁ። ሪፖርቱ ላይ «የተፈጥሮ ሞት» ብዬ እንድሞላ ስለታዘዝኩ መኪና ተፈጥሮ መሆኑን በማወቄ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛ፣ ወዲህ ማዶ ፍሬ አልቋል። ከቀሩት አሥራ አንድ ጦጣዎች ስድስቱ ከሰኞ ጀምሮ ባነሩ በተሰቀለበት ገመድ ላይ፣ ከክቡርነትዎ ግንባር ከፍ ብለው ተሻግረዋል። ባለቤቴ «እሜቴ» የምትላት እናት ግን ግልገሏን ሆዷ ላይ አጣብቃ ገመዱን ነካ አድርጋ ትመለሳለች። ትናንት እስከ እኩሌታው ደርሳ ነበር። አራቱ የሚጠብቁት እሷን ነው።

በዚህ መሐል በዓሉ ስላለፈ ባነሩን እስከ ነገ ዓርብ አውርጄ ለንብረት ክፍል እንዳስረክብ፣ እምቢ ካልኩም ከሥራ እንደምሰናበት የሚገልጽ ደብዳቤ በተጻፈ በአንድ ቀኑ ደረሰኝ። ጽሕፈት ቤትዎ እንዲህ መፍጠን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ደብዳቤውን ለባለቤቴ ሳነብላት ልጆቹን ምን ልናበላ ነው አለችኝና ወደ ውጭ ወጣች።

ለክቡርነትዎ ያለኝን ከባነሩም ከፍ ያለ አክብሮት በመግለጽ፣
እስከ ነገ ድረስ ታዛዥዎ
የአስፋልቱ ዳር ደን ጠባቂ

ማሳሰቢያ፦ ባነሩን ለማውረድ የሚያስፈልገው የመሥሪያ ቤቱ መሰላል ከቦታው ጠፍቷል። ባለቤቴ እንዳላየችው ሳልጠይቃት ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። ንብረት ሲጠፋ አጣሪ ኮሚቴ ሳይሰየም ምትክ እንደማይሰጥ ያወጡትን መመሪያ አከብራለሁ። ያለፈው ኮሚቴ አንድ አካፋ ለማጣራት አምስት ወር ወስዶበታል፤ የአሁኑም በዚያው ጥንቃቄ እንዲሠራ አደራ እላለሁ። ለእሜቴ አንድ ሳምንት ይበቃታል።