አጎቴ ኢሶጋይ እንደ ልቡ ታጠበ

ሚትሱኤዬ፣ ዮኮሱካ ከተማ፣ ከአጎቴ ኢሶጋይ መቃብር አጠገብ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ዕድሜውን በባሕር ሰርጓጅ መርከብ የጨረሰው አጎቴ ካረፈ ዛሬ ዓመቱ ነው። የመርከብ ጓደኛው አቶ ኩራሞቺ እንደ ደንባችን የመቃብሩን ድንጋይ ሊያጥቡ መጥተው፣ ውሃውን በጭልፋ ጠብ ጠብ ሲያደርጉ ሚስቱን፣ አክስቴ ሺጌኖን፣ አላስቻላትም።

«ኧረ ያፍስሱለት እንጂ! ውሃም ይሰሰታል?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው እኮ። እዚያ ታች ውሃ ለመጠጥ እንጂ ለገላ መቼ ይበቃን ነበር!» አሉና ባልዲውን ብድግ አድርገው ደፉበት። «በል ወንድሜ፣ ዛሬ እንደ ልብህ ታጠብ!»

ሳቅን። እኛማ አገራችን አኪታ፣ መቃብሩን በረዶው ያጥብልናል ብለን ትተነዋል። ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ።

አክስቴ አሁን ሌላ ባልዲ ሞልታ መጣች። «ጀርባው ቀርቷል» ትላለች።