በሩን አክስቴ ዲንቄ እንዳትከፍት

ናዝሬት፣ ጥር 1981 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ገመቹ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የሽንኩርት መኪና የሚነዳው መሐመድሰዒድ ነው። ወረቀቱ ሽንኩርት ከሸተተህ አትቀየመኝ፤ ፖስታ ቤት ሰጥቼ ሳምንት ከምጠብቅ ይሻላል ብዬ ነው።

«ምርኩዜን አያችሁት?» ስትል «አላየሁም» ብዬህ ነበር። ዋሸሁህ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ምሳህንም ከክፍሉ ማዶ ያስቀመጥኩት ተነስተህ እንድታነሳው ነበር። ተነሳህ፣ ወደቅህ። እማዬ «ልጄን ልትገዪው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። አንተ ግን አልጮህክም። «አንቺ እዚህ ቀረሽ፣ እኔ ሄድኩ። ምን ታውቂያለሽ?» አልከኝ። በማግስቱ ሰዎች ደግፈውህ መቂ አክስቴ ዲንቄ ቤት ገባህ። ንግግርህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ስለ መውደቅህ ይቅርታ አድርግልኝ። ምርኩዙን ስለ መደበቄ ግን ይቅርታ አልጠይቅም!

ከግንባር ቆስለህ ስትመጣ ሐኪሙ ያለውን ታስታውሳለህ፤ አጥንቱ ገጥሟል፣ ነርቩ ደህና ነው፣ እግሩን ያሠራው ነበር ያለው። እኛ ምን አደረግን? እግርህን ትራስ ላይ ሰቅለን እንደ አራስ ተንከባከብንህ። ውሃ ስትል ውሃ፣ ሬዲዮ ስትል ሬዲዮ። ለጸሎት የሚመጡት ሴቶች ሳይቀሩ «ኧረ አይነሳ!» ይሉ ነበር። ትራሱን የማስተካክለው ደግሞ እኔ፣ የባዮሎጂ አስተማሪዋ! በስድስተኛው ወር ጭንህ እንደ ክንዴ ቀጥኖ አየሁት።

ምርኩዝህን ከመደበቄ በፊት አዲስ አበባ ሄጄ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ቀን አነበብኩ። በጡንቻ ክሮች ጠርዝ ላይ የተኙ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ጡንቻው ሲቀደድ የተጎዳው ሥጋ ራሱ መልእክት ይልካል፤ ያኔ ይነቃሉ፣ ይከፈላሉ። ገሚሶቹ ሄደው ጡንቻ ይሆናሉ፤ የሄደው እንደ ድሮው አይሆንም። ገሚሶቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ለሌላ ጉዳት ቀን ይቆያሉ። የትኛው እንዲሄድ፣ የትኛው እንዲቀር የሚወስነውን መልእክት ተመራማሪዎቹም ገና አጥርተው አያውቁትም። አዲሱ ጡንቻ ግን ካልተሳበና ክብደት ካልተሸከመ እንደሚከሳ ያውቃሉ።

እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። እኔንና አንተን የለየን የቀበሌው የዘማቾች ዝርዝር ነው፤ ያንተ ስም ነበረበት፣ የእኔ አልነበረበትም። በመቅረቴ ሳፍር ኖሬአለሁ። ትራስ ሳስተካክል የከረምኩትም በዚያ እፍረት ነው። አሁን በቃኝ። የቀረሁት ለአንተ የጉዳት ቀን ከሆነ ሥራዬን ልሥራ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ መቂ ነኝ። ወንበርህን ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር አስደርገው። ከዚያ እስከ ግቢው በር አሥር እርምጃ ነው፤ ባለፈው ስመጣ ለክቼዋለሁ። አጥሩን ይዘህ መምጣት ትችላለህ። አክስቴ ዲንቄን ደግሞ እግሯ ላይ ወድቄ ለምኛታለሁ በልልኝ፤ እኔ ሳንኳኳ በሩን እንዳትከፍት። ብትወድቅ ተነስ፣ እጠብቅሃለሁ። ብትሰድበኝም ጮክ ብለህ ስደበኝ፤ ድምፅህ ወደ በሩ እየቀረበ ሲመጣ ልስማው። እስክትከፍትልኝ አንኳኳለሁ።

ከበሩ ውጪ የምትጠብቅህ እህትህ፣
ሣራ