በመዶሻ ስለተጠበቀው ምስጢራችን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። የእኔን ጤንነት ማወቅ ቢሹ ደግሞ በሰፈራችን የሴቶች ውበት ሳሎን ጎራ ቢሉ ዝርዝሩን ያገኙታል።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ባለፈው ወር መሥሪያ ቤትዎ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲያስወግድ የታካሚዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ያደረገውን ጥንቃቄ በአጥሩ በኩል ቆሜ በአድናቆት ተመልክቻለሁ። አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በተሰለፈበት፣ የጥበቃ ሠራተኛው ስክሪኖቹን አንድ በአንድ በመዶሻ አደቀቃቸው፤ ኮሚቴውም አጨበጨበ። መረጃው የሚታየው ስክሪን ላይ ነውና ስክሪኑ ከደቀቀ ወዴት ይገባል? መረጃው የተቀመጠባቸው ሳጥኖች ግን ጭረት ሳይነካቸው ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ተሸጡ። አንዱን የባለቤቴ ፀጉር ሠሪ ለሳሎኗ ገዛችው። ከዚህም የሚከተለው ሆነ፦

1ኛ/ ባለቤቴ ልቧ ስስ ስለሆነ የኩላሊት ሕመሜን ስምንት ወር ደብቄያት፣ ለክትትል ስመጣ የጡረተኞች ስብሰባ አለብኝ እል ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ሙዚቃ ልትከፍት ስትል የእኔ የሕክምና ካርድ ተከፈተላትና በደግነት፣ ባለቤትዎን እግዜር ይማርልዎ አለቻት። ሚስቴ ፀጉሯ በግማሽ እንደተጠቀለለ ቤት ገባች።

«መታመምህን መደበቅህንስ እችለዋለሁ፤ ግን ከፀጉር ሠሪዬ በኋላ ልስማው?» አለችና ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ዕድሜዬን ሙሉ ጥያቄ ስመልስ ኖሬ፣ ለዚህኛው የደበቅኩትን የቀጠሮ ወረቀት አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ/ ፀጉር ሠሪዋ ቅን ሰው ናትና ኮምፒውተሩን ተሸክማ ልትመልስልዎ መጣች። ንብረት ክፍልዎ ከመዝገብ የተሰረዘ ዕቃ በሕግ ፊት የለም፣ የሌለ ዕቃ ደግሞ አንረከብም ብሎ አሰናበታት። የሌለውን ዕቃ ይዛ ልትወጣ ስትል ግን በሩ ላይ የዕቃ መውጫ ፈቃድ ተጠየቀች። ፈቃዱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶባታል።

3ኛ/ ካርድ ክፍልዎ የአንዲት ነፍሰ ጡር ውጤት ቢጠፋበት ትናንት ነርስ ወደ ሳሎኑ ልኳል። ወዲያው ተገኘላት። ወረፋ አልነበረም፤ ወንበሩም ይመቻል።

ልመናዬ አጭር ነው። መረጃው በእርግጥ የሚቀመጥበትን፣ ሃርድ ዲስክ የሚባለውን ክፍል ከየሳጥኑ አስወጥተው ያስደምስሱ፤ ቀሪውን ብረትና ፕላስቲክ መልሶ መጠቀም ለሚያውቁ ባለሙያዎች ያስረክቡ፤ የተሸጡትንም አፈላልገው ያስመልሱ። የዘመዳቸውን ሕመም ከሰው አፍ የሰሙትን ቤተሰቦች ደግሞ ይቅርታ ይጠይቁ። ባለቤቴ አሁን ለክትትል አብራኝ ትመጣለች። መንገዱን ሙሉ አታናግረኝም፤ እጄን ግን አትለቅም።

ስለ ትጋትዎ ቃል ያጠረኝ፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ለሕዝብ ይፋ የሆንኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ ታዛዥ ታካሚዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎም ካርድ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ፀጉር ሠሪዋ ስምዎን ብቻ አይታ ዘጋችው። ይህን እንድታደርግ መመሪያ የሰጣት የለም።