ለእንግዳ አያምርም ተብሎ ስለተነቀለው የምርምር እሬት

ለቡ ለሚገኘው የጥናት ማዕከላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይ ደግሞ ለአጥንትዎ ጥንካሬ ያለኝን መልካም ምኞት አስቀድሜ፣ ዘመድ ተሰብሮበት ሆስፒታል ደጅ የጠና ሰው ሁሉ የጠየቀውን ጥያቄ ላንሳ፤ አጥንት ደቆ መሃሉ ጎድሎ ሲቀር ክፍተቱ በምን ይሞላል?

ጎረቤቴ ሮበሌ ከግንባታ ላይ ወድቆ ቅልጥሙ እንዲህ ስለጎደለ ዛሬም የሚሄደው በክራንች ነው። ጥናታችን ይደርስለታል ብዬ አልዋሽም፤ ገና ጥንቸል ላይ ነን። ሥራችን ግን ይህ ነበር፦ በአጥንቱ ክፍተት የሚገባ፣ ስፖንጅ የመሰለ ባለ ቀዳዳ ድጋፍ ሠርተን፣ ከእሬት ቅጠል ያወጣነውን ንጥረ ነገር እናጠጣዋለን፤ ከመቅኒ የተወሰዱ ስቴም ሴሎችን፣ ማለትም ገና ምን እንደሚሆኑ ያልወሰኑ ሕዋሶችን፣ እላዩ ላይ እናሰፍራለን። በመጀመሪያው ዙር ሕዋሶቹ ወደ አጥንት መለወጥ ሲጀምሩ እኔና ባልደረባዬ ሉቃስ ላብራቶሪ ውስጥ እንደ ሕፃን ዘለልን። ውጤቱ እውነት ይሁን የአጋጣሚ የሚለየው ሁለተኛው ዙር ነበር። «ነበር» ማለቴ፣ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና ነው።

ምስጋናዬም በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው።

1. ባለፈው ቅዳሜ፣ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተብሎ ግቢው ሲጸዳ፣ በመደብ በመደብ ያሳደግናቸውን እሬቶች አንድ ሳያስቀሩ አስነቅለው ሣር ስላስነጠፉ አመሰግናለሁ። እሬት መቃብር ላይ ይተከላልና «እንግዳ በመቃብር መሃል ላሳልፍ እንዴ?» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። እውነትዎን ነው፤ የአያቴም መቃብር ላይ አለ። ልዩነቱ፣ እዚያ ያለውን ማንም ደፍሮ አይነቅለውም።

2. ሉቃስ እየሮጠ መጥቶ «ጌታዬ፣ የምርምር ናሙና ነው!» ቢልዎ፣ «ናሙና ከሆነ መሬት ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ተክል ከፋይል መደርደሪያ ላይ እንደማይበቅል ቀደም ብለን ባለማስረዳታችን ጥፋቱ የእኛ ነው።

3. «እሬት ምን ጠፋ? ገበያ ወጥታችሁ ግዙ» ስላሉን አመሰግናለሁ። ክቡር ሆይ፣ የቅጠሉ ይዘት እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ ዕድሜው ይለያያል። የመጀመሪያውን ዙር በአንዱ፣ ሁለተኛውን በሌላ ተክል ብንሠራ፣ ሕዋሶቹ ቢለወጡም ባይለወጡም ምክንያቱን አናውቅም። ከተመረቅሁ ጀምሮ የሠራሁት ሥራ በሙሉ እኮ ነው በአንድ ጠዋት መኪና ላይ የተጫነው!

4. እንግዶቹ ገና ከመኪና ሳይወርዱ «እስቲ እሬቶቹን አሳዩን» ሲሉ፣ ፊትዎ ሳይለዋወጥ «ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል» ስላሉ ከልብ አደንቅዎታለሁ። ዝውውሩ ከእነ እድገቱ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

ተዛወሩ የተባሉትን ፍለጋ እኔና ሉቃስ የመኪናውን ሾፌር ብንጠይቀው፣ ፉሪ መንገድ ዳር እንደደፋቸው ነገረን። ስንደርስ አፈር ብቻ ቀርቷል፤ እሬቶቹን ሰው አንስቶ ወስዷቸዋል።

ከክቡርነትዎ የምፈልገው አንድ መልስ ነው። ተክሎቹ ቢገኙ መልሰን የምንተክልበት መደብ ይሰጡናል ወይስ አይሰጡንም? የነቀሉት በሰው ፊት ስለሆነ መልሱንም በሰው ፊት ይስጡኝ።

በአዲሱ ሣር ጥግ ቆማ ለእንግዶችዎ ያጨበጨበችው፣ እጇ ግን እስካሁን የሚያቃጥላት፣
ሰሀር ኑረዲን
ረዳት ተመራማሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምታነቡ የፉሪና የለቡ ነዋሪዎች ሆይ፣ የተነቀለ እሬት ቶሎ አይሞትም። ከመንገድ ዳር አንስታችሁ ደጃችሁ የተከላችሁት እሬት ግንዱ ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ ከታሰረበት የእኛው ነው። አንቀማችሁም፤ ከሥሩ ከሚያቆጠቁጠው አንድ ችግኝ ብቻ ስጡን። በማዕከሉ በር ላይ ሰሀርን ወይም ሉቃስን ጥሩልን፣ በሩጫ እንመጣለን። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎ ግን ድንገት ቢያገኙት፣ እባክዎ እንዳይነኩት።