ስለ ጣውንቴ ስለ ቤላ ጉልበትና ስለ ባሌ ልብ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለክቡር ካፒታኖ፣ በጦር ሰፈሩ የጭነት በቅሎዎች ሐኪም

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? በዚህ በአገራችን ብርድ ጉልበትዎ ሳይዝል፣ ልብዎ ሳይደክም እንዲከርሙ ከልብ እመኛለሁ፤ እርስዎ ከታመሙ በቅሎዎቹን ማን ያክማል? እኔ የቄስ ገብረየሱስ ልጅ ውብአለም ነኝ። አባቴ ወንድ ልጅ ቢያጣ ዳዊት ያስደገመኝ፣ ብዕርም ያስያዘኝ ሴት በመሆኔ ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላውን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ቱርጁማንዎ ነገር ማለስለስ ስለሚወድ፣ ሳይለሰልስ የሚያነበውም ሰው ይኑር ብዬ ነው።

ባሌን ፈንታሁንን ያውቁታል። ቤላ የምትባለውን ግራጫ በቅሎ ጭንቅላቷን ይዞ የሚቆምልዎ፣ በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር ጉልበቱ የሚንቋቋው እሱ ነው። ምናልባት አላስተዋሉት ይሆናል፤ እርስዎ ሲመጡ ዓይንዎ በቀጥታ ወደ እሷ ነው።

እንግዲህ ሳልሸፋፍን ልንገርዎ፤ በበቅሎ ቀንቻለሁ። ወግ ያላት ሴት በጎረቤቷ ሻሽ ትቀናለች፤ እኔ አፈር ልብላና በበቅሎ ቀናሁ። ቅናቱ እንዲህ አንጀቴን የሚያሳርረው ለምን እንደሆነ በተራ ላስረዳ።

አንደኛ፣ ባለፈው ወር የቤላ የፊት ጉልበት ባበጠ ጊዜ በሙቅ ውሃ አጥበው፣ በነጭ ፋሻ ጠቅልለው፣ የሱፍ ብርድ ልብስ ደርበውላታል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፈንታሁን ጉልበት ካበጠ ሁለት ክረምት አልፎታል። ጠዋት ጣቶቹ አልታጠፍ ስለሚሉት መቀነቱን የማስርለት እኔ ነኝ፤ ጉልበቱንም የምጠቀልልለት የነጠላዬን ጫፍ ቀድጄ ነው። የቤላን ብርድ ልብስ ግን የሚያለብሳት እሱ ነው፤ ቤት ገብቶም የሚያወራኝ ስለ እሷ ነው። ዛሬ ገብሷን ጨረሰች፣ ዛሬ ጆሮዋን አቆመች። እውነተኛ ጣውንት መጥታብኝ ቢሆን ጸጉሯን በጎተትኩ፤ ይህችን ምን ልበላት?

ሁለተኛ፣ ከሁሉ ያንገበገበኝ ማድመጫው ነው። ጉልበቷን ካሰሩላት በኋላ ያንን የጎማ ማድመጫ በጆሮዎ ሰክተው ደረቷን ብዙ ሲያደምጡ፣ ፈንታሁን የታመመው እግሯ ሳለ ደረቷን ለምን ያደምጣሉ ብሎ በቱርጁማኑ ቢጠይቅዎ፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ በሽታ ውሎ አድሮ ልብንም እንደሚጎዳ፣ ጉልበቱ የታመመ እንስሳ ሸክም ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ልቡ በድንገት ቀጥ ሊል እንደሚችል፣ ሰውም ቢሆን ከዚህ እንደማይለይ አስረድተውታል። ስላስተማሩን እናመሰግናለን። አማቴ አያ እሸቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርጥማት ሲያሰቃያቸው ኖረው፣ ጉና ላይ ገብስ ሲያጭዱ ደረቴን ብለው ወድቀው ቀሩ። እኛም መጋኛ መታቸው ብለን ቀበርናቸው፤ የወደቁበትንም ማሳ ፈርተን ሦስት ዓመት ጦም አሳደርነው። ለካ ማሳው ምንም አላጠፋም! ይህን ያወቅነው ከቤላ ደረት ነው።

ፈንታሁን ያን ዕለት አመዱ ቡን ብሎ ቤት ገባ። ዳገት ሲወጣ ደረቱን እንደሚጨንቀው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ እንደሚወርድ፣ ቀዝቃዛ ላብም እንደሚያጠምቀው እስከዚያ ቀን ደብቆኝ ነበር። ማድመጫውን ለአንድ አፍታ በእሱም ደረት ላይ እንዲያሳርፉለት መጠየቅ አፍሮ፣ የበቅሎዋን ጭንቅላት እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ ያገባሁት እንዲህ ያለውን የዋህ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። ቤላ አሥራ አምስት ቀን እንድታርፍ ፈርመውላታል፤ ደግ አደረጉ። ሸክሟ ግን አላረፈም። ዱቄቱ ሐሙስ ወደ ጉና ምሽግ ይውጣ ተብሎ ለጠባቂዎቿ ሲከፋፈል፣ ለፈንታሁን በጀርባው የሚታዘል አንድ ሙሉ ከረጢት ደርሶታል። ጉልበቷ ያበጠ በቅሎ አሳርፎ ጉልበቱ ባበጠ ሰው መተካት፣ ወይ ጉድ፣ እኛ ያልደረስንበት ጥበብ ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ብርድ ልብሱን አልጠየቅሁም፤ ገብሱም ይቅርብን። ከሐሙስ በፊት ማድመጫውን በባሌ ደረት ላይ አሳርፈው፣ ለቤላ የጻፉላትን ወረቀት ለእሱም ይጻፉለት። ለዚህ ስሙ ከበቅሎዎች መዝገብ መግባት ካለበት ይግባ። ግራጫ ነው ብለው ይጻፉ፤ ጸጉሩ ሸብቷልና ውሸት አይሆንብዎም። እኔ ሚስቱ ፈቅጃለሁ።

የበቅሎዎችዎን ዕድሜ ያርዝምልን፤ እርስዎንም ከጋጣው ደጃፍ አንድ እርምጃ ወጣ ብለው ሰው ለማየት ያብቃዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ልገታው ባልቻልኩት ቅናት እጅ እነሣለሁ።

ውብአለም ገብረየሱስ
የፈንታሁን ሚስት፣ የቤላ ጣውንት

ማስታወሻ፦ ዛሬ ረፋዱ ላይ ምሳውን ላደርስለት መጥቼ ጋጣው ገብቼ ነበር። ማድመጫ ስለሌለኝ ጆሮዬን በቤላ ደረት ላይ ለጠፍኩ፤ ዝም ብላ ቆመችልኝ፤ ልቧ ሳያዛንፍ ይመታል። ቀጥዬ በፈንታሁን ደረት ላይ ለጠፍኩ፤ ሁለት ጊዜ መትቶ ይቆማል፣ ከዚያ እንደ ደነገጠ ይሮጣል። ምርመራውን በዚህ ጨርሼልዎታለሁ። ወረቀቱ ካልተጻፈ ሐሙስ ጠዋት ከረጢቱን ለማዘል የምመጣው እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ ደህና ነው። የእኔንም ደረት ማድመጥ ከወደዱ ከቤላ ጎን ተሰልፌ እቆምልዎታለሁ፤ የሚሰሙትን ግን ቱርጁማንዎ ደፍሮ የሚተረጉምልዎ አይመስለኝም።