የአባባ እግር በፎቶ ዳነ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ለቤታችን ዶክተር፤

እንደምን ከርመሃል? ሰውነትህስ፣ እንቅልፍህስ፣ ንባብ ሲበዛብህ የሚነሳብህ ያ ራስ ምታትስ? ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ መጽሐፍ ላይ ተደፍተህ ምግቡ ይቀዘቅዛል? እኛ አለን። «አለን» የምልህ ሁላችንም በቤታችን ስላለን ነው፤ ደህና ነን ግን አልልህም። አባባ «ፈተናው ይለፍለት፣ ልጁን አታስደንግጪው» ብሎ እንዳልነግርህ አስምሎኛል። መሐላዬን አፍርሼ ነው የምጽፍልህ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ነገሩ ያ ዳነ ያልንህ የአባባ እግር ነው። ጫማው ውስጥ ቆርኪ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ረግጦት ዋለ። ስኳሩ እግሩን አደንዝዞበት ምንም አልተሰማውም። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ፍሬን ሲረግጥ የኖረ እግር፣ ቆርኪ መርገጡን ሳያውቅ ቀረ። ካልሲውን ሲያወልቅ እማማ ቁስሉን አይታ ጮኸች። እሱ እቴ! «ከእግሬ ይልቅ ያንቺ ጩኸት ያማል» ብሎ ሳቀባት።

ክሊኒካችን አሁን ዘምኗል። ቁስል ያለበት ሰው ወረፋ አይጠብቅም፤ ፎቶ አንስቶ በስልክ ይልካል፣ ዶክተሩም እዚያው ይመልስለታል። እውነቱን ልንገርህ፣ እልል ነው ያልነው። አባባ ደረጃ ከመውጣት ሊድን፣ እኔም ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ከመሰለፍ ልተርፍ! ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ መልስ አያዘገይም፤ ፀጉሩን ማን እንደሚቆርጠው ግን እንጃ። ፎቶ በላክሁ ቁጥር «በጥሩ ሁኔታ እየዳነ ነው፤ በዚሁ ይቀጥሉ» ይለኛል፤ ከጎኑም ወደ ላይ የተቀሰረ አውራ ጣት። ለአንተም ልኬልህ «ደስ ይላል እህቴ፣ ቆዳው ተመልሷል» ብለኸኝ ነበር፤ ታስታውሳለህ አይደል?

እናንተስ ዓይን የላችሁም ወይ ትለኝ ይሆናል። አለን እንጂ። ፋሻውን ስንቀይር የቁስሉ ጠርዝ መጥቆሩን እያየን «ዶክተሩ እየዳነ ነው ብሏል፣ እኛ ምን እናውቃለን» ተባብለን መልሰን ጠቀለልነው። እማማ ብቻ እምቢ አለች። «ቤቱ ይሸታል» ትላለች። አልጋ ስር አይጥ ሞቶ ይሆናል ብለን ቤቱን ገለበጥነው፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣን፣ ካልሲ የተባለ ሁሉ አጠብን። ሽታው አልወጣ አለ። በመጨረሻ «ፎቶውንስ ላክሽ፤ ሽታውን በምን ትልኪለታለሽ?» አለችኝ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳቄ የቆመው አባባን ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው ነው።

ተሸክመን ወሰድነው። ዶክተሩ ፋሻውን ፈታ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፎቶ አየ። እንደገና እግሩን፣ እንደገና ፎቶውን። «አባቴ፣ ይሄ የእርስዎ እግር ነው?» ሲለው አባባ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የኔማ ነው፤ የልጄ ፀጉር ቤት ገብቶ ተውቦ ነው እንጂ!»

ቀልዱ እውነት ሆኖ ተገኘ። ስልኬ የደንበኞቼን ፊት የማነሳበት ነው፤ ማድያት ያጠፋል፣ ጠባሳ ያለሰልሳል፣ የጠቆረውን ያፈካል። ሙሽሮቹ የሚወዱኝም ለዚሁ ነው። እኔ ማንሳት ብቻ ነው፣ የቀረውን ራሱ ያሳምረዋል። የአባባንም እግር እንደ ሙሽራ ፊት እያሳመረ ሲልክ ከረመ። ማሳመሩን እንዴት እንደማቆመው እንኳ ያሳየችኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት። አሁን ደግሞ ሴቶቹ የገዛ ፊታቸውን አይተው «ምን በደልኩሽ?» እያሉ ይቆጡኛል።

ዶክተሩን ልጣላው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ፋሻውን እንደያዘ «ቁስል እንዲህ ሲያምር መጠርጠር ነበረብኝ። ይሸታል ወይ ብዬ አልጠየቅኋችሁም፤ ኑ አላልኳችሁም» አለን። እንዲህ ከሚል ሰው ጋር ምን ትጣላለህ? ነገ አንተም በሽተኛ በስልክ ታያለህ። መሣሪያውንስ አብረኸው ስላደግህ ማንም አይበልጥህም፤ እኔ የምለምንህ ሌላውን ነው። የቤቱን ሰው ጠይቅ፤ በተለይ «እምቢ፣ አልዳነም» የምትለዋን። «ከዚህ ሆኜ አይታየኝም፣ አምጡት» ማለት አይክበድህ። ስትሳሳትም እንደዚህ ልጅ በሰው ፊት ተናገረው።

አሁን ለትኩሳቱ መርፌ ወግተውት ቤት መልሰነው፣ እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠናል። ቀዶ ሐኪሙ የሚያየው ሐሙስ ነው። ጣቶቹ ብቻ ይሁኑ ወይስ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ የሚነግረን ያን ቀን ነው። እስከዚያ ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም፤ ልጸልይ ስል ቃሉ ይጠፋብኛል። የሰው ፀጉር እየጠቀለልኩ ልቤ አልጋው ጋ ነው። «ና» አልልህ፣ ፈተናህ አለ፤ «ቅር» አልልህ፣ ሐሙስ አለ። የምልህን አጥቼ ነው ይህን ሁሉ የማወራህ።

እማማ ከራስጌው አልተነሳችም፤ «ልጄ ምግቡን ይብላ» ትልሃለች። ታናሽ እህታችን ያንተን ቦታ ይዛ የአባባን ጢም ትላጫለች፤ አገጩ ላይ ብትቆርጠውም ሰላም ብላሃለች። አክስታችን ጆሮዋ ስለከዳት ነገሩን ጮኸን ስንነግራት ሠፈሩ ሁሉ ሰማ፤ እሷም ጎረቤቱም ናፍቀንሃል ይላሉ። አብሮህ የሚኖረውን ልጅ ሰላም በልልኝ።

አባባ ስጽፍ አይቶኝ ለማን እንደሆነ ገባው። አልተቆጣም። «ደህና ነው በዪው» አለኝ፤ ያለውን ጽፌልሃለሁ። የመጨረሻውን ፎቶ ከስልኬ ላጠፋው ስል ግን እጄን ያዘኝ። «ተዪው፤ አንዱ እንኳ ድኖ ይቀመጥ» አለኝ።

እህትህ
ከአባባ አልጋ አጠገብ
ማክሰኞ፣ ሰኔ 11 ቀን